ካይተሮች የሰፈራቸውን ቦርድ ሠሪ ለምን እንዲህ ይወዱታል?

ኦክላንድ ወይም ሳን ሆዜ የምትኖሩ ሰዎች፣ ሰመር ላይ ከሰዓት በኋላ በሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ድልድይ ካለፋችሁ ሳታዩዋቸው አልቀራችሁም። ከድልድዩ በስተምሥራቅ፣ ክሪሲ ፊልድ በሚባለው ዳርቻ ፊት ለፊት፣ ሰማዩ በባለቀለም ካይቶች፣ ማለትም ነፋስ በሚያበርራቸው ትልልቅ የጨርቅ ክንፎች፣ ይሞላል። ከሥር ደግሞ ሰው ቦርድ ላይ ቆሞ፣ በካይቱ እየተጎተተ፣ ብዙ ጀልባ የማይደርስበት ፍጥነት ይሄዳል። ካይትቦርዲንግ ማለት ይሄ ነው። ዱባይ ላላችሁ ደግሞ፣ ካይት ቢች ስሙን ያገኘው ከዚሁ ስፖርት ነው።

ሰዎቹን ጠጋ ብሎ ላያቸው አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ካይታቸው የታወቀ ብራንድ ነው፤ ናይሽ፣ ካብሪንያ፣ ኦዞን፣ ዱኦቶን። ከእግራቸው ሥር ያለው ቦርድ ግን አንዳንዴ ሱቅ ውስጥ የማይገኝ፣ እዚያው አካባቢ ያለ አንድ ሰው በወርክሾፑ የሠራው ነው። ዋጋውም አይረክስም። ወረፋ ይጠበቅለታል። ባለቤቱ ስለዚያ ቦርድ ማውራት ከጀመረ ደግሞ አያቆምም።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ነገሩ የአገር ልጅነት ፍቅር ይመስላል። የዚያም ነገር አለበት፣ ኋላ እመለስበታለሁ። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው ባይ ነኝ። ቦርድ ከካይት በተለየ የአንድን ቦታ ውሃ ጠባይ መከተል ያለበት ዕቃ ነው። እንደ ዕድል ሆኖ ደግሞ፣ ጎበዝ ሰው በትንሽ ወርክሾፕ በደንብ ሊሠራው የሚችል ዕቃም ነው።

መጀመሪያ ቦርዱ ምን እንደሚሠራ እንይ። ካይቱ የሚፈልገው ሰውየውን ነፋሱ ወደሚሄድበት ይዞት መሄድ ነው። ዝም ከተባለ ወስዶ የሆነ ቦታ ይጥለዋል። እምቢ የሚለው ቦርዱ ነው። ሰውየው በተረከዙ ተጭኖ የቦርዱን ጠርዝ ውሃ ውስጥ ሲተክለው፣ ውሃው ወደ ጎን መንሸራተቱን ይከለክለዋል፣ የካይቱ ጉልበት ወደፊት መሄጃ ይሆናል፣ ጠርዙ ጥሩ ከያዘም ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል እያዘነበለ መውጣት ይችላል። ይህን ያልቻለ ሰው መጨረሻው ካይቱን ታቅፎ በዳርቻው ላይ በእግር መመለስ ነው። ጀማሪዎችን የምታውቋቸውም በዚያ ጉዞ ነው።

የተለመደው ቦርድ ሁለቱም ጫፉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሳይዞሩ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይሄዱበታል። ርዝመቱ ለአብዛኛው ሰው ከ130 እስከ 145 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከላይ ሲታይ ጠፍጣፋ ሳንቃ ይመስላል። መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ከጎን ብታዩት ግን ሁለቱ ጫፎች ቀና ብለዋል። ይህን ጉብጠት ሮከር ይሉታል፣ ብዙው ነገር የሚወሰነውም እዚህ ላይ ነው። ሮከሩ ትንሽ ከሆነ ቦርዱ ቶሎ ከውሃው በላይ ይወጣል፣ ይፈጥናል፣ በደካማ ነፋስም ይሄዳል። ነገር ግን ሞገድ ሲበዛ ጫፉ ሞገዱ ውስጥ ይሰካል፣ ከዝላይ ሲያርፉም ጉልበትን ይመታል። ሮከሩ ከበዛ በሞገድ ላይ ለስላሳ ነው፣ ማረፉም አያምም፣ ግን ውሃ እየገፋ ስለሚሄድ ይዘገያል፣ ጠንከር ያለ ነፋስም ይጠይቃል። ሁለቱንም ጥቅም ባንድ ቦርድ ሙሉ በሙሉ ማግኘት አይቻልም። ሁልጊዜ አንዱን ለማግኘት ከሌላው ትንሽ ይቆረጣል፣ ጥያቄው ከየቱ ምን ያህል ይቆረጥ የሚለው ነው። መልሱ ደግሞ የምትጋልቡበት ውሃ ላይ ነው ያለው።

እንግዲህ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ውሃ እንመለስ። ሰመር ላይ የካሊፎርኒያ መካከለኛ ሸለቆ በጣም ይግላል። የጋለው አየር ወደ ላይ ሲነሳ፣ ፓስፊክ ላይ የተኛው ቀዝቃዛና ጭጋጋማ አየር ቦታውን ሊሞላ ወደ ውስጥ ይሮጣል። የባሕር ዳር ተራሮች ግን መንገዱን ዘግተውበታል። ሰፊ ሆኖ የሚያገኘው ክፍተት ድልድዩ ያለበት የባሕር መግቢያ፣ ጎልደን ጌት፣ ነው፤ በዚያ በጠባቡ ተጨናንቆ ሲያልፍ ይፈጥናል። ለዚህ ነው ክሪሲ ፊልድ ፊት ለፊት ከሰዓት በኋላ ከ15 እስከ 25 ኖት (በሰዓት ከ28 እስከ 46 ኪሎ ሜትር ገደማ) የሚነፍሰው፣ በሐምሌ በቁምጣ የመጣ ቱሪስትም በየሱቁ ሹራብ ሲፈልግ የሚታየው።

በዚያው ክፍተት ውሃም ይገባል፣ ይወጣል። ውቅያኖሱ ሲጎድል ከድልድዩ ወዲህ ያለው የባሕር ወሽመጥ፣ ቤዩ፣ ውሃው ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ነፋሱ ግን ወደ ውስጥ ነው የሚነፍሰው። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ሞገዱ አጭር፣ ሹልና በጣም የተቀራረበ ይሆናል። ቦርዱ አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ላይ ይወድቃል። እግር ይንቀጠቀጣል፣ ጠርዙ በየጊዜው ከውሃ እየወጣ መያዣ ያጣል። ውሃው ሲሞላ ደግሞ ነፋሱና ፍሰቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሆኑ ያው ቦታ ይለዝባል። ባንድ ቀን ውስጥ ማለት ነው!

ከዚያ 20 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ አላሜዳ ክራውን ቢች ላይ፣ ሌላ ዓለም አለ። ውሃው ጥልቀት የለውም፣ ሞገዱ ትንሽ ነው፣ ነፋሱም ከተማ አቋርጦ ስለሚደርስ ደከም ይላል። ብዙ ሰው የሚማረው እዚያ ነው። ለአላሜዳ የሚሆነው ሰፊና ጠፍጣፋ ቦርድ ክሪሲ ፊልድ ላይ ሲወጣ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ለክሪሲ ፊልድ የተሠራው ደግሞ አላሜዳ ላይ ተኝቶ ይቀራል።

ትልቅ ኩባንያ ይህን አያውቅም እያልኩ አይደለም፣ በደንብ ያውቃል። ግን አንድ ሞዴል ሲያወጣ ለስፔኑ ታሪፋም፣ ለኬፕ ታውንም፣ ለብራዚሉ ኩምቡኮም፣ ለግብፁ ኤል ጉናም እንዲሸጥ ነው። ስለዚህ የትም ወስዳችሁ የማትከፉበት ቦርድ ይሠራል። ይህ ቀላል ችሎታ አይደለም። ነገር ግን የትም የማያሳፍር ቦርድ፣ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ከሁሉ የተሻለው መሆኑ ይከብደዋል።

ነገሩ ወሬ ብቻ እንዳይሆን በስፖርቱ ውስጥ የታወቀ አንድ ጉዳይ ላንሳ። ቤይ ኤሪያ በሚባለው በሳን ፍራንሲስኮ ዙሪያ ማይክስ ላብ የሚባል ትንሽ ሠሪ አለ። ቦርዱን በእጅ ነው የሚሠራው። የአካባቢው ካይተሮች ደግሞ ሰመር ላይ ሐሙስ ሐሙስ ምሽት የሴንት ፍራንሲስ ያክት ክለብ ያዘጋጅ በነበረው ውድድር እዚያው ከተማው ፊት ለፊት ይፎካከሩ ነበር። ከዚያ ሰፈር የወጡት እህትና ወንድም፣ ኤሪካና ጆኒ ሃይነከን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ጣሊያን ካልያሪ ላይ በተደረገው የካይት ውድድር የዓለም ሻምፒዮና እሷ በሴት እሱ በወንድ አሸነፉ። ይወዳደሩ የነበረው በማይክስ ላብ ቦርድ ነው። ጆኒ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የዓመቱ ምርጥ የጀልባ ስፖርተኛ ተብሎም ተሸልሟል።

በእጅ የሚሠራ ቦርድ ያን ያህል ኩባንያ ባለበት ስፖርት እንዴት ዓለም ሻምፒዮና ድረስ ይሄዳል? መልሱ ያ ሐሙስ ይመስለኛል። የዓለም ምርጥ የሚባሉ ሰዎች በየሳምንቱ፣ ባንድ ውሃ ላይ፣ ጎን ለጎን ይሮጡ ነበር። አንዱ «ወደ ነፋሱ ስወጣ የኋላው ያመልጠኛል» ካለ፣ ሠሪው ከቦርዱ ሥር ያለውን ትንሽ ክንፍ፣ ፊኑን፣ ወይም ጠርዙን ነካክቶ ብዙ ሳይቆይ ውጤቱን ማየት ይችል ነበር። ያውም ከሰው አፍ ሰምቶ ሳይሆን፣ ካልተነካው ቦርድ አጠገብ ሲሮጥ አይቶ። ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ያው አስተያየት በሰዓቱ ቢደርስ እንኳ መንገዱ ረጅም ነው፤ ለዲዛይነር፣ ከዚያ ለናሙና፣ ከዚያ ለሌላ አገር ፋብሪካ፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ዓመት ካታሎግ።

ታዲያ ካይቱንስ ለምን የሰፈር ሰው አይሠራውም? ብዙ ሰው የሚዘለው ጥያቄ ይህ ነው።

ካይቱ ፊት ለፊቱ ላይ በአየር የሚነፋ ቱቦ አለው፣ ውሃ ላይ ሲወድቅ እንዳይሰምጥና እንደገና እንዲነሳ። ይህን ፈጥረው እ.ኤ.አ. በ1984 ፓተንት ያስመዘገቡት ፈረንሳዮቹ ወንድማማቾች ብሩኖና ዶሚኒክ ለጌኙ ናቸው። ዊፒካ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ አቀረቡት፣ ከዚያ በኋላ የመጡ ኩባንያዎችም ለነሱ ፈቃድ ከፍለው ሠሩ። እና ጋራዥ ውስጥ ካይት መስፋት የሚያምረው ሰው ገና ከመጀመሪያው የሕግ ግድግዳ ነበረበት። ፓተንቱ ጊዜው ካለፈ በኋላም ልፋቱ አልቀረም። በብዙ ቁራጭ ጨርቅ የሚሰፋ ነገር ነው፣ ቱቦ አለው፣ ቫልቭ አለው፣ ገመዱ በትንሽ ሴንቲ ሜትር ቢሳሳት ካይቱ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። አንድ ሰው ደግሞ ባንድ ካይት አይበቃውም፤ ለየነፋሱ የተለያየ መጠን ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ሠሪው አንድ ሞዴል ለማውጣት ሰባት ስምንት መጠን መንደፍ አለበት። በዚያ ላይ የካይት ስህተት ሰው ሊገድል ይችላል። ለዚህ ነው የብዙ ብራንድ ካይት ቻይናና ስሪላንካ ባሉ ጥቂት ትልልቅ ፋብሪካዎች የሚሰፋው።

ቦርድ ግን ሳንድዊች ነው። መሃሉ ቀላል እንጨት፣ ብዙ ጊዜ ፓውሎኒያ፣ ካልሆነም ጠንካራ ፎም። ከላይና ከታች የፋይበርግላስ ወይም የካርቦን ጨርቅ ኢፖክሲ በሚባል ሙጫ ይለጠፍበታል። ዙሪያውን ከድንጋይና ከአሸዋ የሚከላከል የፕላስቲክ ጠርዝ ይዞራል። የእግር ማሰሪያውና ፊኑ የሚታሰሩባቸው ባለጥርስ ብረቶች ውስጡ ይቀበራሉ። ከዚያ ሮከሩን የሚሰጠው ቅርጽ ላይ ተጭኖ፣ በፕሬስ ወይም አየሩ በፓምፕ በሚመጠጥ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ይደርቃል። ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ግን ሠሪው ገንዘቡ ባይኖረውም እጁ ካለው ይደርስበታል።

ደስ የሚለኝ ክፍል ደግሞ እዚህ ጋ ነው። ጨርቁ የሚነጠፍበት አቅጣጫ የቦርዱን ጠባይ ይቀይረዋል። ክሩ በቁመት ከሄደ ቦርዱ በቁመቱ አልታጠፍም ይላል። ክሩ በ45 ዲግሪ ከተሰየፈ ደግሞ መጠማዘዝን ይከላከላል። 95 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለ70 ኪሎ ሰው የተሠራ ቦርድ ላይ ቢወጣ ቦርዱ ከሥሩ ይጎብጥበታል፣ ጠርዙም ይለቃል። 55 ኪሎ የምትመዝን ሴት የ95 ኪሎውን ብትወስድ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይደርቅባታል፣ እያንዳንዱ ሞገድ ጉልበቷ ድረስ ይሰማታል። ትልቅ ኩባንያ ይህን የሚፈታው በርዝመት ነው፤ ለከባድ ሰው ረዘም ያለውን ይሸጥለታል። የሰፈሩ ሠሪ ግን በዚያው ቅርጽ ላይ አንድ ንጣፍ ጨምሮ ወይም ቀንሶ፣ ከውጭ ሲታዩ መንታ የሚመስሉ፣ ጠባያቸው ግን ፈጽሞ የማይገናኝ ሁለት ቦርድ ያወጣል። ልክ ይዞ እንደሚሰፋ ልብስ ሰፊ ማለት ነው። በነገራችን ላይ ሁሉንም መቀየር አይችልም። ሮከሩ ከቅርጹ ስለሚመጣ፣ ሌላ ሮከር ፈለግን ስትሉት ሌላ ቅርጽ መሥራት ይኖርበታል፤ ለአንድ ደንበኛ ያን የሚያደርግ ጥቂት ነው።

ይህ ሥራ የስኪና የስኖውቦርድ ሥራ የቅርብ ዘመድ ነው። ያው ሳንድዊች፣ ያው ፕሬስ። ስለዚህ ጥሩ ቦርድ የግድ ከባሕር ዳር አይወጣም። ፖላንድ ውስጥ ኖቢሌ ቦርዱን የሚሠራው ከባሕሩ በተቃራኒ ጫፍ፣ ተራራ ሥር ባለችው ቢየልስኮ ቢያዋ ከተማ ነው። ክሬዚፍላይ ደግሞ ፋብሪካው ስሎቫኪያ ነው፣ ስሎቫኪያ እንደኛው የባሕር በር የላትም። (ይህን ለፖለቲካ ክርክር እንዳትጠቀሙበት።)

ሌላው የፍቅሩ ምክንያት ጥገና ነው፣ ይሄ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ቦርድ ድንጋይ ይመታል። ጠርዙ ከተሰነጠቀ ወይም የተቀበረው ብረት ከላላ ውሃ ወደ እንጨቱ ይገባል፣ እንጨቱ ያብጣል፣ ከዚያ ጨርቁ ይላቀቃል። ቶሎ ከተያዘ አድርቆ መሙላትና መለጠፍ ነው፣ ያለቀ ነገር። ሱቅ የገዛችሁት ላይ ግን ዋስትናው ጊዜው ካላለፈ፣ ፎቶ ላኩ፣ ደረሰኝ ላኩ፣ ድንጋይ መትታችሁት እንደሆነ ንገሩን ይባላል፣ ወሩም ያልቃል። የሰፈሩ ሠሪ ውስጡ ምን እንዳለ ያውቃል፣ እሱ ነዋ የከተተው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን። ካይተሮች ስለሰፈራቸው ሠሪ የሚሉትን ሁሉ አትመኑ። ቅዳሜ ዳርቻ ላይ ቡና ይዞ የምታገኙትን ሰው «ቦርድህ አልተመቸኝም» ማለት ከባድ ነው። ወረፋ ጠብቆ የመጣ ዕቃ መጥፎ ነው ብሎ መቀበልም እንደዚያው። ስለዚህ የምትሰሙት ምስጋና ከፊሉ ወዳጅነት ነው። ሁለተኛ፣ በእጅ የተሠራ ሁሉ እኩል አይወጣም። ጎበዝ ፋብሪካ መቶኛውን ቦርድ እንደ መጀመሪያው አድርጎ ያወጣዋል፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው ግን የደከመው ቀን ኢፖክሲው ሊበዛበት፣ ቦርዱ ሊከብድበት ይችላል። ሦስተኛ፣ መልሶ መሸጡ። ቤይ ኤሪያ ውስጥ የሚሻሙበት ቦርድ ፍሎሪዳ ላይ ማንም ስሙን አያውቀውም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ «የሰፈር» የሚለው ቃል እንዳያታልለን። ትንሹ ሠሪ ጨርቁን፣ ኢፖክሲውንና ፎሙን የሚገዛው ከትልልቅ አምራቾች ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የካሊፎርኒያ ሰርፍ ቦርድ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2005 በደንብ ገባቸው። የሰርፍ ቦርድ መሃል የሚሆነውን ፎም ለአብዛኛው የአሜሪካ ሠሪ ያቀርብ የነበረው ክላርክ ፎም ያን ቀን ሥራውን ድንገት ዘጋ። ቀኑ ሰኞ ነበር፤ ፎሙን ብላንክ ስለሚሉት እስከ ዛሬ «ብላንክ መንዴይ» (የብላንክ ሰኞ) እያሉ ያስታውሱታል። ነፃና ራሳቸውን የቻሉ የሚመስሉ በርካታ ወርክሾፖች አንድ ፋብሪካ ላይ ተንጠልጥለው እንደነበር ክላርክ ፎም በላከው አንድ ፋክስ ታወቀ።

የዛሬው ለውጥ ደግሞ ፎይል ነው። ከቦርዱ ሥር ረጅም ምሰሶ ይወርዳል፣ ጫፉ ላይ የአውሮፕላን ክንፍ የሚመስል ነገር አለ፤ ፍጥነት ሲያገኝ ክንፉ ሰውየውንም ቦርዱንም ከውሃው በላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል። በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ ማርሴይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የካይት ውድድር በዚህ ነበር፣ በሴቶች እንግሊዛዊቷ ኤሊ አልድሪጅ፣ በወንዶች ኦስትሪያዊው ቫለንቲን ቦንቱስ ወርቅ ወሰዱ። ፎይል ላይ ቦርዱ አየር ላይ ስለሆነ እላይ ያወራሁት ሮከር ምናምን ብዙም ዋጋ የለውም። ሥራው ወደ ምሰሶውና ወደ ክንፉ ወርዷል፣ እሱ ደግሞ ሚሊ ሜትር የማይምር የካርቦን ሥራ ነው። ማይክስ ላብ ራሱ ወደ ፎይል ገብቷል። ኦሎምፒክ ላይ ግን የሚፈቀደው አስቀድሞ የተመዘገበ ዕቃ ብቻ ነው፤ በየሐሙሱ ነካክቶ ማሻሻል የሚባለው ነገር እዚያ አይሠራም። እኔ በበኩሌ ይህ ደንብ ለውድድሩ ፍትሐዊ ነው ባይ ነኝ፣ ለትንሽ ሠሪ ግን መልካም ዜና አይደለም።

ልታሠሩ ካሰባችሁ ሠሪው የሚጠይቃችሁን ጥያቄ አዳምጡ። ክብደታችሁን፣ የት እንደምትጋልቡ፣ በስንት ኖት እንደምትወጡ፣ አሁን ያላችሁ ቦርድ ምኑ እንደማይመቻችሁ ሳይጠይቅ ስለ ቀለም ካወራ ተመለሱ። ስትመልሱለትም አትኩራሩ፤ ክብደቱን በ10 ኪሎ ቀንሶ፣ ችሎታውን ጨምሮ የተናገረ ሰው፣ ለሌላ ሰው የተሠራ ቦርድ ነው የሚረከበው። ብዙዎቹ ሠሪዎች መሞከሪያ አላቸው፣ ተውሳችሁ ውሰዱ፣ ነፋሱና ፍሰቱ በሚጋጩበት ሰዓትም ሞክሩት። ገና እየተማራችሁ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ለኋላ ይቆይ፤ ሰፋ ያለ ያገለገለ የብራንድ ቦርድ በርካሽ ግዙና አላሜዳ ላይ ድንጋይ ይምታላችሁ።